ለተፋሰስ ጤና ክትትል የገንዘብ ድጋፍ እንዴት ይጠየቃል?

በደሴው የጦሳ ተራራ ግርጌ ወይም ከኮምቦልቻ በላይ ባሉ ተራቆቱ ኮረብታዎች የሚሠራ ማኅበር ገንዘብ ሲጠይቅ ብዙውን ጊዜ የሚዘረዝረው የሚተክለውን ችግኝና የሚሠራውን እርከን ነው፤ ሥራው ውሃውንና አፈሩን ምን ያህል እንደለወጠ የሚለካበት በጀት ግን ይዘነጋል። ስለዚህ ዝግጅቱ ከልኬት ሊጀምር ይገባል።

በመጀመሪያ ቦታውን ማጥበብ ነው። የቦርከና ወንዝ ደሴንና ኮምቦልቻን አልፎ፣ በጨፋ ረግረግ አቋርጦ ወደ አዋሽ ስለሚሄድ ሁሉንም መለካት አይቻልም፤ አንድ የገባር ንዑስ ተፋሰስ ይበቃል። ሥራ የማይሠራበት ተመሳሳይ ሸለቆም ለማነጻጸሪያ ይያዝ፤ ያለዚያ በዝናብ ማነስ የቀነሰ ደለል በእርከኑ የቀነሰ ይመስላል።

ቀጥሎ፣ ችግኝ ከመተከሉ በፊት፣ ቢቻል አንድ ሙሉ ክረምት መነሻ መረጃ ይሰብሰብ። የውሃውን የፍሰት መጠን ለማወቅ ወንዙ ቀጥ ብሎ በሚፈስበት ቦታ 10 ሜትር ለክቶ፣ ብርቱካን ጥሎ ርቀቱን በስንት ሰከንድ እንደሚያልፍ መቁጠር፣ ርቀቱን ለሰከንዱ አካፍሎ የተገኘውን ፍጥነት በውሃው ስፋትና በአማካይ ጥልቀቱ ማባዛት፣ የላዩ ውሃ ከታችኛው ስለሚፈጥን ደግሞ ውጤቱን በ0.85 ማባዛት ነው። ጎርፍ ሲሆን ማንም ወደ ውሃው አይግባ። ከዝናብ በኋላ በአንድ ዓይነት ግልጽ ጠርሙስ ውሃ ቀድቶ፣ አሳድሮ፣ የሰፈረውን ደለል በማስመሪያ ለክቶ ከቀኑና ከሰዓቱ ጋር መመዝገብም ብዙ ይናገራል። ከፋብሪካዎች በታች ላለ ወንዝ ግን ይህ አይበቃም፤ የላቦራቶሪ ምርመራ ስለሚያስፈልግ፣ በደሴም በኮምቦልቻም ግቢ ካለው ከወሎ ዩኒቨርሲቲ ጋር አስቀድሞ መነጋገር ያሻል። እ.ኤ.አ. በ1981 የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ የተቋቋመባት ማይባርም ከደሴ ሩቅ አይደለችምና በዚያ የተሠሩትን ጥናቶች መጠየቅ ይጠቅማል።

የማኅበሩ ሕጋዊ ምዝገባና የቀበሌው የድጋፍ ደብዳቤ ካልተሟሉ ማመልከቻው ብዙ አይራመድም። በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በኩል የሚተዳደረውና ለማኅበረሰብ ድርጅቶች የተዘጋጀው የዓለም አካባቢ ፋሲሊቲ የአነስተኛ ድጋፎች ፕሮግራም ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ይስማማል። የማኅበሩ የራሱ መዋጮም ስለሚጠየቅ፣ በበጋ የተፋሰስ ልማት ዘመቻ ነዋሪው በነጻ የሚያወጣው ጉልበት በብር ተተምኖ ይጻፍ።

በበጀቱ ክትትል ራሱን የቻለ መስመር ይኑረው፤ በእኔ እምነት ከጠቅላላው ከአሥር አንድ እጅ ማነስ የለበትም። ግቡም የተተከለ ችግኝ ብዛት ሳይሆን ሁለተኛውን በጋ ተሻግሮ የጸደቀው ወይራና ጽድ ይሁን። ክፍያው በየዙሩ የሚለቀቀው ሪፖርት ሲቀርብ ከሆነ፣ የዓመቱ ሪፖርት የክረምቱ ልኬት ተጠናቆ በሚገኝበት በጥቅምት እንዲሆን በውሉ ላይ ይስፈር።