ከጡረታ በኋላ ቀደምት ልብ ወለድ ማንበብ እንዴት ይጀመራል?

ደሴ ላይ የጦሳ ተራራ ጉም እስከ ረፋድ በማይገፈፍበት ክረምት፣ ልብ ወለድን በተማሪነቱ ለፈተና ብቻ ያነበበ ጡረተኛ እንደገና ለመጀመር ከዚህ የተሻለ ጊዜ አያገኝም።

አስቀድመው ዓይንዎን ይመርመሩ፤ መጽሐፍ ሰለቸኝ የሚል ብዙ ሰው የሚያስፈልገው መነጽር ነው።

ለመጀመሪያ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» እመርጣለሁ። መጽሐፉ ዋና ባለታሪኩን በዛብህን ከሚያፈቅራት ከሰብለ ወንጌል ጋር ከማገናኘቱ በፊት በወላጆቹ ኑሮ ላይ ስለሚቆይ አንባቢ እዚህ ላይ ይቸኩላል፤ ነገር ግን የኋላ ፍቅሩን የሚያስጨንቀው የእናቱ ስእለት የሚገኘው በእነዚሁ ገጾች ውስጥ ስለሆነ፣ አንዱንም ሳይዘሉ በቀን አሥር አሥር ገጽ ያንብቡ። እኔ ይህን ክፍል በሁለተኛው ንባቤ ነው የወደድሁት።

ቡናው ሲቆላ ይጀምሩ፤ አቦል እስኪቀዳ ጥቂት ገጽ ያልቃል፣ በረካው ላይ ደግሞ ያነበቡትን ለቤተሰብ ይተርኩ፤ የሚተርክ ሰው የባለታሪኮቹን ስም አይረሳም። ያልገባዎትን የጎጃም አነጋገር በእርሳስ ኅዳጉ ላይ ምልክት አድርገው ይለፉት እንጂ ንባቡን አያቋርጡ። ዓይንዎ ሲደክም ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን፣ መጽሐፉን ገልጠው እየተከተሉ ያድምጡ፤ ፊታውራሪ መሸሻ ሲቆጡና ጉዱ ካሣ ሲሟገት በድምፅ ሲሰሙት፣ በዝምታ ሲነበብ የከበደው ረጅም ዓረፍተ ነገር የት ላይ እንደሚተነፍስ ይገባዎታል።

አሮጌ ቅጂ የሚገዙ ከሆነ ገጾቹ አለመጉደላቸውን እዚያው ቆመው ይቁጠሩ።