ኬዝ ከመቁረጣችሁ በፊት በካርቶን ሞክሩት

የራሳችሁን ዴስክቶፕ ኬዝ፣ ማለትም የኮምፒውተሩን ዕቃዎች የሚይዘውን ሳጥን፣ ልትሠሩ ካሰባችሁ ቶሎ ብላችሁ እንጨት ወይም ላሜራ አትቁረጡ። መጀመሪያ ካርቶን፣ መቁረጫ፣ ማስመሪያና ፕላስተር ይዛችሁ ቁጭ በሉ። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው አፕል 1 ኮምፒውተር ያለ ኬዝ፣ ቦርዱ ብቻ ነበር የሚሸጠው፤ አንዳንድ ገዢዎች የእንጨት ኬዝ ራሳቸው ሠርተውለታል። እናንተም ትችላላችሁ።

ማዘርቦርዱን፣ ማለትም ሌሎቹ ዕቃዎች የሚሰኩበትን ዋናውን ቦርድ፣ ለኩ። ለጀማሪ ሚኒ አይቲኤክስ የሚባለው ትንሽ የቦርድ ዓይነት ጥሩ ነው፣ 17 በ17 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። በልኩ ካርቶን ቁረጡና ፓወር ሰፕላዩን (ኃይል ሰጪውን ሳጥን)፣ ሂት ሲንኩን (ሙቀት የሚያወጣውን ብረት) እና ግራፊክስ ካርዱንም (ምስል ወደ ስክሪን የሚልከውን ካርድ) በትክክለኛ ቁመታቸው ሥሯቸው። ከዚያ አቁሙ፣ አጋድሙ፣ ገልብጡ። በጣም የሚረሳው የኬብል መታጠፊያ ቦታ ነው፤ የግራፊክስ ካርድ የኃይል ገመድ ደንደን ያለ ስለሆነ ግድግዳው ከተጠጋው ሶኬቱን ይገፋዋል፣ ስለዚህ እውነተኛውን ገመድ ሰክታችሁ ለኩ።

ቀጥሎ ሙቀት። የሞቀ አየር ወደ ላይ ይሄዳል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው ፓወር ማክ ጂ4 ኪዩብ የተባለው ኮምፒውተር ያለ ፋን የሚቀዘቅዘው በዚሁ ነበር፦ አየር ከሥር ይገባል፣ ሞቆ በአናቱ ይወጣል። በጣም የምወደው ዲዛይን ነው፣ ግን አናቱ ላይ ወረቀት የሚከምር ሰው መተንፈሻውን ይደፍነዋል። የእናንተን መውጫ ማንም ዕቃ የማያስቀምጥበት ቦታ አድርጉት።

ካርቶኑ ለቅርፅ ብቻ ነው፣ ውስጡ ኮምፒውተር እንዳታስነሱ። ዕቃውን መፈተን ከፈለጋችሁ ቦርዱን ብረት ባልሆነ ጠረጴዛ ላይ አድርጉና ቦርዱ ላይ የፓወር ማብሪያው የሚሰካባቸውን ሁለት ፒኖች በካቻቢቴ ጫፍ ለቅጽበት አገናኙ። ፓወር ሰፕላዩን ግን በፍጹም አትክፈቱ፤ ከተነቀለም በኋላ ውስጡ አደገኛ ኃይል ሊቀር ይችላል።

ሞዴሉን ጠረጴዛችሁ ላይ አስቀምጡና ለጥቂት ቀናት እንደ እውነተኛው ተጠቀሙበት። የፓልም ፓይለት ፈጣሪ ጄፍ ሃውኪንስ ይህ ቀጠሮ መመዝገቢያ የኪስ ኮምፒውተር ከመሠራቱ በፊት በልኩ የተቆረጠ እንጨት በኪሱ ይዞ ይዞር ነበር፣ ቀጠሮ እንደሚመዘግብ ሰው እያወጣ ይነካካው ነበር። እጃችሁ ማብሪያውን የት እንደሚፈልገው፣ ዩኤስቢው ከፊት ይሁን ከጎን፣ በዚህ ይለያል።

ሲስማማችሁ ካርቶኑን ፈትታችሁ ኮምፔንሳቶ ላይ ዘርጉና መስመሩን በእርሳስ ገልብጡ። ቦርዱን ከሥሩ የሚያነሱ የነሐስ ማቆሚያ ብሎኖች ቦታ አትርሱ፣ በተለይ መሠረቱ ላሜራ ከሆነ የቦርዱ ጀርባ ከነካው ሾርት ያደርጋል። የፋንና የብሎን ቀዳዳዎችን መጀመሪያ ብሱ፣ ዙሪያውን ኋላ ቁረጡ፤ ሰፊ ጣውላ ጠበቅ አድርጎ ለመያዝ ይቀላል።