የሲስተም ኦፍ ኤ ዳውንን «ቶክሲሲቲ» ለመጀመሪያ ጊዜ እንዴት ማዳመጥ ይቻላል?

የሎስ አንጀለሱ አልተርናቲቭ ሜታል (ከባድ የሮክ ሙዚቃ ዓይነት) ባንድ ሲስተም ኦፍ ኤ ዳውን የመጀመሪያ አልበሙን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1998 ቢሆንም፣ በዓለም ዙሪያ ስሙን ያስጠራው ግን ነሐሴ 29 ቀን 1993 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2001) ለገበያ የቀረበው ሁለተኛ አልበሙ «ቶክሲሲቲ» ነው። አልበሙ በመጀመሪያው ሳምንት ከ200 ሺህ በላይ ቅጂዎች ተሸጦለት በአሜሪካ የቢልቦርድ የአልበሞች ሰንጠረዥ አንደኛ ሆኗል። የሜታል ሙዚቃን ያልለመደ ሰው ግን አልበሙን ከፍቶ ገና በመጀመሪያው ደቂቃ «ይህ ጩኸት ነው» ብሎ ሊዘጋው ይችላል። ከጩኸቱ ሥር ያለው ዜማ እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም፤ ስለዚህ ለአዲስ ጆሮ የሚስማማ የማዳመጫ ቅደም ተከተል ከዚህ በታች ቀርቧል።

በመጀመሪያ መሣሪያዎን ያዘጋጁ። የስልክ ድምፅ ማጉያ የቤዝ ጊታሩንና የትልቁን ከበሮ ድምፅ በአግባቡ ስለማያወጣ፣ የጆሮ ማዳመጫ ወይም ደህና ስፒከር ይጠቀሙ። የድምፁን መጠን ሙዚቃው ጸጥ ባለበት ሳይሆን በጮኸበት ቦታ ላይ ይመጥኑ፤ በዚህ አልበም ውስጥ ሹክሹክታው በቅጽበት ወደ ጩኸት ስለሚለወጥ፣ በጸጥታው የመጠኑት ድምፅ ጆሮዎን ሊጎዳ ይችላል።

ቀጥሎ ከአልበሙ መጨረሻ ይጀምሩ። የመዝጊያው ዘፈን «ኤሪያልስ» ዝግ ያለ፣ ጊታሩ አንድን ዜማ እየደጋገመ የሚያጅበው ሥራ በመሆኑ፣ የድምፃዊውን የሰርጅ ታንኪያንን ድምፅና የጊታሪስቱን የዳሮን ማላኪያንን አጃቢ ድምፅ ለይቶ ለመስማት ከሁሉም ይመቻል። ከእርሱ ወደ አልበሙ መጠሪያ ዘፈን ወደ «ቶክሲሲቲ» ይሻገሩ። ምቱ ስድስት ስምንተኛ (በአንድ ዙር ስድስት የሚቆጠርበት) ነው፤ በችክችካ ላደገ አድማጭ ቆጠራው እንግዳ ሊሆንበት አይገባም፤ በእግር መሬቱን እየመቱ መከተልም ይቻላል።

ሦስተኛው እርምጃ «ቾፕ ሱዊ» ነው፤ በእኔ አስተያየት የአልበሙ ልብ እዚህ ላይ ስለሆነ አንድ ጊዜ ሰምቶ ማለፍ አይበቃም። መጀመሪያ ዘፈኑን ሳያቋርጡ እስከ መጨረሻው ይስሙት። በድጋሚ ሲያዳምጡ የጆን ዶልማያንን ከበሮ ብቻ ይከተሉ፤ በለስላሳው የጊታር መግቢያ ላይ ቀስ ብሎ ገብቶ እንዴት እየከበደ እንደሚሄድና ግጥሙ በፍጥነት በሚወርድበት ክፍል እንዴት እየተቆራረጠ እንደሚመታ ያስተውሉ። ከዚያ በኋላ ትኩረትዎን ወደ ታንኪያን ድምፅ ይመልሱ። ቃላቱን እንደ በረዶ ካወረዳቸው በኋላ አዝማቹ ላይ ሲደርስ ድምፁን ዘርግቶ ያንጎራጉራል፤ ወደ ማብቂያው ሲቃረብ ደግሞ ክርስቶስ በመስቀል ላይ የተናገራቸውን፣ ነፍስን ለአባት አደራ የሚሰጡትንና «ስለ ምን ተውኸኝ» የሚሉትን ቃላት ያሰማል። ፕሮዲውሰሩ ሪክ ሩቢን እንደተረከው፣ ታንኪያን ለዚህ ክፍል ግጥም አጥቶ በተቸገረ ጊዜ ከቤተ መጻሕፍቱ አንድ መጽሐፍ አንስቶ በገለጠው ገጽ ላይ ዓይኑ ያረፈበትን እንዲጠቀም መክሮታል፤ ያገኘውም ይህንኑ ነው። ዘፈኑ ሞትን ስለሚያነሳ፣ አልበሙ በወጣ በሳምንቱ ኒውዮርክና ዋሽንግተን በሽብር ጥቃት ሲመቱ፣ በርካታ የሬዲዮ ጣቢያዎች ባለቤት የነበረው ክሊር ቻነል ለጣቢያዎቹ በላከው የአጠያያቂ ዘፈኖች ዝርዝር ውስጥ አካትቶታል። አልበሙ በአገሪቱ የሽያጭ ቁንጮ ላይ የተቀመጠው በዚያው የሐዘን ወቅት መሆኑን ማወቅ ለአዳማጩ ብዙ ነገር ይገልጥለታል።

አሁን ከመጀመሪያው ዘፈን ተነሥተው አልበሙን ሙሉውን፣ ግጥሙን በጽሑፍ እያዩ ያዳምጡ፤ አሥራ አራቱ ዘፈኖች የሚፈጁት 44 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። መክፈቻው «ፕሪዝን ሶንግ» የአሜሪካን እስር ቤቶች መጨናነቅና የአደንዛዥ ዕፅ ፖሊሲውን በቀጥታ ይከሳል፤ በጊታሩ ምቶች መካከል ያሉት ዝምታዎችም እንደ ምቶቹ ሁሉ የሙዚቃው አካል ናቸው። «ዲር ዳንስ» እ.ኤ.አ. በ2000 በሎስ አንጀለስ በተካሄደው የዴሞክራቲክ ፓርቲ ጉባኤ ወቅት በሰልፈኞች ላይ ከደረሰው የፖሊስ የኃይል እርምጃ የተነሣ ነው። ሁለት ደቂቃ የማይሞላው «ባውንስ» ግን ለጨዋታ የተሠራ ስለሆነ ጥልቅ ትርጉም ሳይፈልጉ ይለፉት።

በዚህ ጉዞ ላይ ዜማው ለምን የአሜሪካ ሮክ ብቻ እንደማይመስል መጠየቅዎ አይቀርም። አራቱም አባላት አርመናውያን ናቸው፤ ታንኪያንና ዶልማያን በሊባኖስ፣ ቤዚስቱ ሻቮ ኦዳጂያን በአርመን፣ ማላኪያን በሎስ አንጀለስ ተወልደዋል። የታንኪያን አያት እ.ኤ.አ. ከ1915ቱ የአርመኖች የዘር ማጥፋት የተረፉ ሰው ነበሩ። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም፤ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ወደ አዲስ አበባ ያስመጧቸው የሙዚቃ ተጫዋቾች፣ «አርባ ልጆች» የተባሉት፣ ከዚያው እልቂት የተረፉ ወላጅ አልባ አርመናውያን ነበሩና።

ስለዚህ «ኤሪያልስ» ያለቀ ሲመስልዎ ቅጂውን አያቋርጡት። ከአጭር ዝምታ በኋላ አርመናዊው የሙዚቃ ሰው አርቶ ቱንችቦያጂያን የተሳተፈበት፣ በሽፋኑ ላይ ያልተዘረዘረ ክፍል ይመጣል፤ መሠረቱም የአርመን ቤተ ክርስቲያን የ«አቤቱ ማረን» ዜማ ነው። በቅዳሴ «እግዚኦ» እየተባለ ሲዜም የሰማ ሰው ስሜቱን ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል።

አልበሙን ከወደዱት እ.ኤ.አ. በ2005 ወደወጡት ሁለት አልበሞች ከመሻገርዎ በፊት ወደ 1998ቱ የመጀመሪያ አልበም ይመለሱ። ድምፁ ከ«ቶክሲሲቲ» ይልቅ ሻካራ ነው፤ ነገር ግን የመዝጊያው ዘፈን የዘር ማጥፋቱን በግልጽ የሚናገር በመሆኑ፣ እዚህ በዜማ ብቻ የሰሙት ሐዘን ከየት እንደመጣ ከእርሱ በቀጥታ ይሰማሉ።