ከአሮጌ ሜይንፍሬም ጋር በ3270 ተርሚናል እንዴት መገናኘት ይቻላል

ከአሮጌ ሜይንፍሬም (በትልልቅ ድርጅቶች ከሚሠራ ትልቅ ማዕከላዊ ኮምፒውተር) ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ለመገናኘት የሚሞክር ሰው ብዙውን ጊዜ የሚቸገረው ትዕዛዞቹን ባለማወቁ ሳይሆን ግንኙነቱ የት ላይ እንደቆመ መለየት ስለማይችል ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች እያንዳንዱን እርምጃ ስገልጽ፣ እርምጃው መሳካቱን የሚያሳየውን ምልክት አብሬ እጠቅሳለሁ። ለልምምድ የመረጥኩት ኤምቪኤስ 3.8ጄ የተባለውን የአይቢኤም ስርዓተ ክወና ነው፤ በግል ኮምፒውተር ላይ ያለ ክፍያ ሊሠራ ስለሚችል የማንንም ድርጅት ማሽን ሳይነኩ መማር ይቻላል።

በቅድሚያ አንድ ነገር መረዳት ያስፈልጋል። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1971 ባስተዋወቃቸው የ3270 ተርሚናሎች (ከሜይንፍሬሙ ጋር የሚያገናኙ፣ ስክሪንና ቁልፍ ሰሌዳ ያላቸው መሣሪያዎች) ላይ የሚተየበው ፊደል ቁልፉ በተነካ ቁጥር ወደ ማሽኑ አይሄድም። ተርሚናሉ ጽሑፉን ራሱ ይዞ ይቆይና ተጠቃሚው ኢንተርን ወይም ከፒኤፍ (የተግባር) ቁልፎች አንዱን ሲጫን የተለወጡትን መስኮች በአንድ ጊዜ ይልካል፤ ነገሩ ቅጽ ሞልቶ በመስኮት እንደማስረከብ ነው። በዚህም ምክንያት ከሩቅ ኮምፒውተር ጋር በጽሑፍ የሚያገናኘው ተራ የቴልኔት ፕሮግራም አይበቃም። የሚያስፈልገው ቲኤን3270 የተባለውን ፕሮቶኮል የሚያውቅ ፕሮግራም ነው፤ ይህ ፕሮቶኮል ቀድሞ በኮአክሲያል ገመድ ይመላለስ የነበረውን የ3270 መረጃ ዛሬ በቴልኔት ግንኙነት ውስጥ ያሳልፈዋል።

የመጀመሪያው እርምጃ ሁለት ፕሮግራሞችን ማዘጋጀት ነው። አንደኛው ቲኬ4 በሚል ስም የሚታወቀው ጥቅል ሲሆን፣ ኤምቪኤስን የሜይንፍሬም ሃርድዌር አስመስሎ ከሚሠራው ሄርኩለስ ጋር አንድ ላይ ይዟል። ሁለተኛው የተርሚናሉን ቦታ የሚተካው ነው፤ ለሊኑክስ ኤክስ3270 ወይም ሲ3270፣ ለዊንዶውስ ደግሞ ደብልዩሲ3270 ይስማማል። ጥቅሉን በስሙ ውስጥ ክፍት ቦታ በሌለው አቃፊ ውስጥ ቢፈቱት ይሻላል። ከዚያ በአቃፊው ውስጥ ኤምቪኤስ የሚል ስም ያለውን የማስጀመሪያ ፋይል ያስኬዱ። የሄርኩለስ መስኮት በመልእክቶች ይሞላል፤ መልእክቶቹን ሁሉ መረዳት አይጠበቅብዎትም፣ ስርዓቱ ተነሥቶ እስኪጨርስ ግን መጠበቅ አለብዎት።

ቀጥሎ የተርሚናል ፕሮግራሙን ከፍተው አድራሻውን 127.0.0.1 (ማለትም የራስዎ ኮምፒውተር)፣ ፖርቱን 3270 ያድርጉ። የተርሚናል ዓይነት ሲጠየቁ 3278 ሞዴል 2ን ይምረጡ። ይህ ሞዴል 24 መስመርና 80 ዓምድ ያለው ሲሆን፣ የቆዩ ፕሮግራሞች ስክሪናቸውን ያዘጋጁት በዚህ መጠን ስለሆነ ለጀማሪ ከትልልቆቹ ሞዴሎች ይልቅ እሱን እመክራለሁ።

አሁን ስክሪኑ ላይ የመጣውን በጥንቃቄ ያንብቡ። ግንኙነቱ ወዲያውኑ ውድቅ ከተደረገ ሄርኩለስ አልተነሣም ወይም ፖርቱ ተሳስቷል። የሄርኩለስ ስምና የመሣሪያ ቁጥር ያለበት ገጽ ከመጣ ግን የኔትወርኩ ሥራ ተሳክቷል፤ የቀረው ኤምቪኤስ ውስጥ ተርሚናሎችን የሚያስተናግደው ቪታም የተባለው ክፍል እስኪነሣ መጠበቅ ነው። ብዙ ጀማሪዎች ይህን ገጽ እንደ ስህተት ቆጥረው ግንኙነቱን ያቋርጣሉ፤ እንዲህ ማድረግ አያስፈልግም። ነጻ የ3270 መሣሪያ የለም የሚል መልእክት ከመጣ ደግሞ በውቅር ፋይሉ የተመዘገቡት ተርሚናሎች ሁሉ ተይዘዋል ማለት ስለሆነ የማይጠቀሙባቸውን መስኮቶች ይዝጉ።

የመሣሪያ ቁጥሩ እዚህ ለምን እንደሚታይ ማወቅ ይጠቅማል። ይህ ኤምቪኤስ የኢንተርኔት መገናኛ ደንብ የሆነውን ቲሲፒ አይፒን አያውቅም። ግንኙነቱን የሚቀበለው ሄርኩለስ ነው፤ ተቀብሎም በቀጥታ ገመድ የተያያዘ ተርሚናል አስመስሎ ለስርዓቱ ያቀርበዋል። ስለዚህ ችግር ሲገጥምዎ ከሄርኩለስ ወዲህ ነው ወይስ ወዲያ ብለው መጠየቅ ይችላሉ፤ ከወዲህ ከሆነ መፍትሔው በፖርትና በፋየርዎል፣ ከወዲያ ከሆነ በቪታም ዘንድ ይገኛል።

የመግቢያው ገጽ ሲመጣ በሎግኦን መስመሩ ላይ ሄርክ01 የሚለውን የተጠቃሚ ስም በእንግሊዝኛ ፊደላት ጽፈው ኢንተርን ይጫኑ፤ የይለፍ ቃሉ ሲ፣ ዩ፣ ኤል፣ 8፣ ቲ፣ አር ሲሆን ሲተየብ አይታይም። ሦስት ኮከቦች ከታዩ ስርዓቱ ኢንተር እየጠበቀ ነው። ከሚከተለው የምርጫ ገጽ በፒኤፍ3 ሲወጡ ሬዲ የሚል ቃል ይታያል፤ ይህን ካዩ ግንኙነቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሠርቷል። ይህ የይለፍ ቃል በይፋ የታወቀ ከመሆኑም በላይ ግንኙነቱ ያልተመሰጠረ በመሆኑ ፖርት 3270ን ፈጽሞ ለኢንተርኔት ክፍት አያድርጉ።

በሥራው መካከል ቁልፍ ሰሌዳው ሊቆለፍ ይችላል፤ በስክሪኑ ግርጌ የኤክስ ፊደል ይታያል። መጻፍ በማይፈቀድበት ቦታ ተይበው ከሆነ ሪሴት የሚባለው ቁልፍ ይፈታዋል፤ በሲ3270 ኮንትሮልና አር ነው። መቆለፊያው የመጣው ማሽኑ መልስ እያዘጋጀ ስለሆነ ከሆነ ግን መታገሥ ይሻላል። ሲጨርሱ መስኮቱን ብቻ አይዝጉ፤ ሬዲ በሚለው ቦታ ሻትዳውን፣ ቀጥሎም ሎግኦፍ የሚሉትን ትዕዛዞች በእንግሊዝኛ ፊደላት ይስጡ።

ሜይንፍሬም ፊደላትን የሚመዘግበው ኤብሲዲክ በተባለ ኮድ ነው፤ ትልቁ ኤ ተራ ኮምፒውተሮች በሚጠቀሙበት የአስኪ ኮድ 65 ሲሆን በኤብሲዲክ 193 ነው። ትርጉሙን ተርሚናሉ ስለሚያከናውን አብዛኛውን ጊዜ አይታወቅዎትም፤ ነገር ግን ካሬ ቅንፎች ተበላሽተው ከታዩ በተርሚናል ፕሮግራሙ ውስጥ የኮድ ገጹን (የትኛው ቁጥር የትኛውን ፊደል እንደሚወክል የሚወስነውን ሠንጠረዥ) ከ037 ወደ 1047፣ ወይም በተቃራኒው፣ ቀይረው ይመልከቱ።

በመሥሪያ ቤት ካለ እውነተኛ ሜይንፍሬም ጋር ሲገናኙም አካሄዱ ያው ነው። ከኔትወርክ ክፍሉ የአስተናጋጁን ስም፣ ፖርቱን፣ ምስጠራ ያስፈልግ እንደሆነና ኤልዩ የሚባለውን የተርሚናል ስም አስቀድመው ይጠይቁ። ፖርቱ ብዙ ጊዜ 23 ወይም ለተመሰጠረ ግንኙነት 992 ነው። የኤልዩ ስም ለእርስዎ ተለይቶ ከተመደበ ከአስተናጋጁ ስም በፊት ይጻፍና በመካከላቸው የኢሜይል አድራሻ ላይ የምናየው የአት ምልክት ይገባል።