ሣር በበዛበት ውኃ ለላስቲክ ትል መንጠቆና እርሳስ እንዴት እንደሚመረጥ

ከፒያሳ ማልዶ ተነስቶ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ዝዋይ ሐይቅ ዳር የደረሰ ሰው፣ የያዘው መንጠቆ ለቦታው እንደማይሆን ቢረዳ ተመልሶ ሊለውጠው አይችልም። ስለዚህ ምርጫው ከጉዞ በፊት እቤት ውስጥ ማለቅ አለበት። ፊላና ደንገል ባለበት ዳርቻ ወይም እምቦጭ በተንሳፈፈበት ውኃ አምባዛ ለማጥመድ ለሚያስብ ሰው፣ በእኔ እምነት ትክክለኛው ቅደም ተከተል መጀመሪያ ዓሣ የሚያታልለውን የላስቲክ ትል፣ ቀጥሎ ለትሉ ውፍረት የሚበቃ መንጠቆ፣ በመጨረሻም ትሉን የሚያሰምጠውን እርሳስ መምረጥ ነው። ቆሮሶ አፉ ትንሽ ስለሆነ በዚህ ዘዴ እምብዛም አይያዝም።

1. የመንጠቆው ቅርጽ

አንገቱ ገመድ ከሚታሰርበት ቀለበት ሥር ደረጃ ሠርቶ የታጠፈውን መንጠቆ ይምረጡ፤ ትሉ በዚያ እጥፋት ላይ ስለሚያዝ ሲጎተት ወደ ታች አይንሸራተትም። ቁጥሩ ሲነበብ፣ ከ1/0 ጀምሮ አኃዙ በጨመረ መጠን መንጠቆው ይተልቃል። ለ10 ሴንቲ ሜትር ትል 2/0 ወይም 3/0፣ ከ12 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ለሚሆን ደግሞ 3/0 ወይም 4/0 መነሻ ይሆናል።

2. ክፍተቱን መለካት

ከቁጥሩ ይልቅ ወሳኙ በመንጠቆው ጫፍና በአንገቱ መካከል ያለው ክፍተት ነው። ዓሣው ሲነክስ ትሉ ተጨፍልቆ ወደ ክፍተቱ ይገባል፤ ለተጨፈለቀው ላስቲክ ቦታ ከሌለ ጫፉ አይወጣም፣ ዓሣውም ትሉን ተፍቶ ይሄዳል። መንጠቆውን ከትሉ ጎን አስጠግተው ይዩት፦ ክፍተቱ የትሉን ውፍረት እጥፍ ያህል ካልሆነ ትልቁን ቁጥር ይውሰዱ።

ቀጥሎ የሚመጣው ብዙ ሰው የሚቸኩልበት ሥራ ነው። ጫፉን በትሉ ራስ መሃል ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል አስገብተው በጎን ያውጡት፤ መንጠቆውን ስበው የትሉን ራስ እስከ እጥፋቱ ካደረሱ በኋላ ጫፉ ወደ ትሉ እንዲዞር ያዙሩት። አሁን ትሉን ሳይጎትቱ በነጻነት እንዲንጠለጠል ይተዉትና የመንጠቆው ጉብጠት የሚደርስበትን ቦታ በጥፍርዎ ምልክት ያድርጉ፤ ጫፉ መግባት ያለበት እዚያ ላይ ነው። ከምልክቱ በታች ከገባ ትሉ ተጨማዶ እየተሽከረከረ ገመዱን ያጠማዝዛል፤ ከምልክቱ በላይ ከገባ ደግሞ ተወጥሮ ጫፉን ያጋልጠዋል፣ ያን ጊዜ ሣሩን መልቀም ይጀምራል። ጫፉ በሌላው ወገን ከወጣ በኋላ ቆዳውን ብቻ ነክሶ እንዲደበቅ መልሰው ይሸሽጉት። በጣትዎ ሲዳስሱት የማይወጋ፣ ትሉን ሲጫኑት ግን ወዲያው ብቅ የሚል መሆን አለበት።

3. የሽቦው ውፍረት

ሣር ውስጥ ወፍራም የተጎነጎነ ገመድ የሚጠቀም ሰው ወፍራም መንጠቆ ይያዝ። አብሮኝ የሚያጠምድ ወዳጄ ቀጭን መንጠቆ ከጠንካራ ገመድ ጋር አሥሮ ትልቅ አምባዛ ከፊላ ሥር ሲጎትት መንጠቆው ቀጥ ብሎ ተመለሰለት።

4. እርሳሱ

ጥይት መሰሉ፣ ፊቱ ሾጣጣና መሃሉ ገመድ እንዲያልፍበት የተበሳው ይሻላል፤ ሣሩን እየከፈለ ያልፋል። ጎሚስታ ቤት የሚገኘውን የጎማ ባላንስ እርሳስ ቆርጠው የሚያስሩ አሉ፤ ለገላጣ ውኃ ይሠራ ይሆናል፣ ሣር ውስጥ ግን ማዕዘኑ ሁሉንም ይሰበስባል፣ አንዳንዱም ጭራሽ ብረት ነው። በማግኔት ይፈትኑት፤ ከያዘ እርሳስ አይደለም። እርሳስ መርዛማ ስለሆነ በጥርስ አይንከሱት፣ በማብሰያ ዕቃም አያቅልጡት። ገንዘብ ከፈቀደ ተንግስተን ይግዙ፤ ለተመሳሳይ ክብደት መጠኑ ያነሰ ስለሚሆን በጠባብ ቀዳዳ ይሾልካል።

ክብደቱን በተመለከተ፣ ሣሩን አልፎ መሬት ከሚደርሰው ሁሉ ቀላሉን መምረጥ ነው። ለሳሳ ሣርና ለአንድ ሜትር ጥልቀት 3.5 ግራም፣ መካከለኛ ለሆነው ከ5 እስከ 7 ግራም፣ ለጥቅጥቁ ከ10 እስከ 14 ግራም ይበቃል። ውኃውን እንደ ምንጣፍ የሸፈነ እምቦጭ ግን ብዙውን ጊዜ ከ28 ግራም በታች በሆነ እርሳስ አይበሳም። ሣሩ ከውኃው ገጽ በታች ብቻ ከቀረ ያለ እርሳስ መወርወርም ይቻላል፤ ትሉ በዝግታ ሲሰምጥ ዓሣው በቂ ጊዜ ያገኛል።

5. እርሳሱን ማቆም

ገመዱ ላይ ልቅ ሆኖ የሚንሸራተት እርሳስ ቀድሞ ይወርድና ትሉ ከኋላ ሣር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ስለዚህ ጥቅጥቅ ባለ ሣር ውስጥ እርሳሱ ከትሉ ራስ ጋር መጣበቅ አለበት። የላስቲክ ማቆሚያ ከሌለ የስቴኪኒ ጫፍ በቀዳዳው አስገብቶ ትርፉን መስበር ይቻላል፤ ነገር ግን እንጨቱ ገመዱን ስለሚፍቀው በየመሃሉ ጥቂት ገመድ ቆርጦ እንደገና ማሰር ያስፈልጋል።

6. ውኃው ዳር

ትሉ ሣር ይዞ ከመጣ እርሳሱን ከመቀየርዎ በፊት ጫፉ መጋለጡን ይዩ፤ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ይህ ነው። ጫፉ ተደብቆ ሳለ ሣሩ እርሳሱ ፊት ላይ ከተጠቀለለ ግን ቀለል ወዳለው ይውረዱ፤ ትሉ መሬት ሳይደርስ ሣሩ ላይ ከቀረ ወደሚከብደው ይሂዱ።