ወላጆቻችሁን ለጤና መድህን ስታስመዘግቡ

አራት ኪሎና ፒያሳ አካባቢ ወላጆች ያሏችሁ፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ምዝገባ ሁልጊዜ ክፍት እንዳይመስላችሁ። በዓመት አንዴ ለተወሰነ ጊዜ ነው የሚካሄደው፤ ነባር አባልም የሚያድሰው ያኔ ነው። እኔ «ነገ፣ ነገ» ስል አልፎኝ እናቴ የደም ግፊት መድኃኒቷን ከኪሷ ስትገዛ ከረመች።

ወደ ወረዳ ስትሄዱ የነዋሪነት መታወቂያና ጉርድ ፎቶግራፍ ያዙ። እናቴ ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ተከናንባ በመነሳቷ ፎቶ ቤት ሁለቴ ተመላልሰናል። አባልነቱ በቤተሰብ ነው፤ አብሯቸው የሚኖር ከ18 ዓመት በላይ የሆነ ልጅ ካለ ተጨማሪ መዋጮ አለው። መክፈል የማይችሉ አረጋውያን ደግሞ መንግሥት እንዲሸፍንላቸው በወረዳው ተለይተው ይመዘገባሉ። ጠይቁ፤ አያሳፍርም።

ብዙ ሰው የሚቸገረው ግን ሪፈር ላይ ነው። የመድህን መታወቂያ ይዞ በቀጥታ ሆስፒታል መሄድ አያዋጣም፤ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ የሪፈር ወረቀት ይዞ ወደ ሆስፒታል። መነጽርና ሰው ሠራሽ ጥርስ አይሸፈንም። አባቴ ይህን ሲሰማ «ታዲያ ለሽማግሌ ምኑ ቀረ?» ብሎ ሳቀ።