ወላጅዎ ጎጃም ውስጥ ሲታከሙ፦ የባዮፕሲ ብሎክና ስላይድ ከውጭ ሆኖ የማስጠበቅ መመሪያ

ጎጃም ውስጥ ወላጅ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ለምርመራ ናሙና (ባዮፕሲ) ከተወሰደ በኋላ፣ ውጭ አገር ላሉት ልጆች የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ በስልክ ተነሥቶ በቴሌግራም የተላከ የአንድ ገጽ ውጤት ነው። ልጆቹ ያንን ፎቶ በሚኖሩበት አገር ላለ ሐኪም ሲያሳዩ ሐኪሙ አንብቦ ሲጨርስ የሚጠይቀው «ብሎኩ የት ነው ያለው?» ብሎ ነው። ይህ ጥያቄ ብዙ ቤተሰቦችን ሳይዘጋጁ ያገኛቸዋል፤ ወረቀቱን እንደ ዓይናቸው ብሌን ሲጠብቁ ቆይተው ናሙናው ራሱ የት እንደ ቀረ ግን ማንም አልጠየቀም። ሊጠበቅ የሚገባው ከወረቀቱ ይልቅ ብሎኩ፣ ማለትም በሰም የተያዘው ናሙና ነው፤ የዚህ ጽሑፍም ጉዳይ እርሱ ነው።

ከታማሚው የተወሰደው ሥጋ በመጀመሪያ እንዳይበሰብስ ፎርማሊን ውስጥ ይቆያል፤ ቀጥሎ በውስጡ ያለው ውሃ በአልኮል እንዲወጣ ይደረግና ቀልጦ በተዘጋጀ የፓራፊን ሰም ተሞልቶ በፕላስቲክ ካሴት ላይ ይረጋል። ብሎክ የሚባለው ይህ ነው። ከክብሪት ቀፎ ያነሰ ሲሆን፣ በነጩ ሰም መካከል ግራጫ ወይም ቡናማ ቁራጭ ይታያል፤ በካሴቱ ዘቅዛቃ ጠርዝ ላይ ደግሞ የላብራቶሪው ቁጥር ተጽፎበታል። ባለሙያው ከብሎኩ ላይ ከ3 እስከ 5 ማይክሮሜትር የሚሆን እጅግ ስስ ቁራጭ እየላጠ በመስታወት ላይ ያሳርፍና ቀለም ያስነካዋል፤ ናሙናን መርምሮ በሽታውን የሚለየው ሐኪም፣ ፓቶሎጂስቱ፣ በማይክሮስኮፕ የሚያየው ያንን ስላይድ ነው። ወረቀቱ የአንድ ባለሙያ ንባብ ነው፤ ብሎኩ ካለ ግን ሌላ ባለሙያ እንደገና ሊያነበው፣ ያልተሠራ ምርመራም በኋላ ሊሠራበት ይችላል።

የጡት ካንሰርን ብንወስድ፣ ዕጢው ኤስትሮጅን ለተባለው ሆርሞን ተቀባይ እንዳለው ከታወቀ ታሞክሲፈን የሚባለው ለዓመታት በየቀኑ የሚዋጥ እንክብል ሊታዘዝ ይችላል፤ ተቀባዩ ከሌለ ግን ያ መድኃኒት አይጠቅምም። ሄር ቱ (HER2) የሚባለው ፕሮቲን መብዛቱ ሲረጋገጥ ደግሞ ትራስቱዙማብ የሚባል ሌላ መድኃኒት ይታሰባል። እነዚህን የሚለየው ኢሚዩኖሂስቶኬሚስትሪ የተባለው ምርመራ በየሆስፒታሉ የሚሠራ አይደለም፤ ስለዚህም «ካንሰር ነው» የሚለው ውጤት ከደብረ ማርቆስ ወይም ከባሕር ዳር ቢወጣም፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚስማማ የሚነግረው ሁለተኛው ምርመራ ብሎኩ ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ውጭ እስኪሄድ ሊጠብቅ ይችላል። ብሎኩ ከጠፋ እናትዎ እንደገና ለቀዶ ወይም ለመርፌ ይዳረጋሉ፤ ዕጢው ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ከሆነ ደግሞ እንደገና የሚወሰድ ነገር ላይኖር ይችላል።

የናሙናው ጥራት ገና ከቀዶ ሕክምና ክፍሉ በር ላይ ይወሰናል። በአገራችን ናሙናውን በዕቃ አድርጎ ለአስታማሚ መስጠትና «ላብራቶሪ አድርሱ» ማለት የተለመደ ስለሆነ፣ አገር ቤት ላለው ወንድምዎ ወይም እኅትዎ አስቀድመው ሊነግሯቸው የሚገባ ነገር አለ። ናሙናው በአሥር በመቶ ፎርማሊን ውስጥ መግባት አለበት፤ የፎርማሊኑም መጠን ከሥጋው ቢያንስ አሥር እጥፍ ይሁን። ውሃ፣ ግሉኮስ፣ የቁስል አልኮል ወይም አረቄ ምትክ አይሆንም። ፎርማሊን ወደ ሥጋ የሚዘልቀው በሰዓት አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ በመሆኑ፣ ሙሉ ጡት ሳይሰነጠቅ በጠባብ ዕቃ ታጭቆ በአውቶቡስ ሁለት ቀን ከተጓዘ ላዩ ጠንክሮ ውስጡ ይበላሻል፤ ስለዚህ ትልቅ ናሙና በሐኪሙ ወይም በላብራቶሪ ባለሙያ መሰንጠቅ አለበት እንጂ ቤተሰብ ሊነካው አይገባም። ለጡት ናሙና በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚመከረው ከሥጋው መውጣት አንሥቶ በአንድ ሰዓት ውስጥ ፎርማሊን ውስጥ እንዲገባና በዚያ ውስጥ ከ6 እስከ 72 ሰዓት እንዲቆይ ነው። ከዚህ ሲያንስም ሲበዛም የተቀባዩ ምርመራ የተሳሳተ ውጤት ሊሰጥ ስለሚችል፣ ናሙናው የወጣበት ቀንና ሰዓት በመጠየቂያው ቅጽ ላይ እንዲጻፍ ያስጠይቁ። የታማሚው ስምና የካርድ ቁጥር የሚለጠፈው በዕቃው ገላ ላይ ነው፤ ክዳን ከሌላ ዕቃ ክዳን ጋር ይለዋወጣል።

ምን ያህል ጊዜ ይቀመጣል?

አሜሪካ የሚኖሩ ወገኖች «ላብራቶሪ አሥር ዓመት ያስቀምጣል» ሲሉ እሰማለሁ። ይህ የአሜሪካ ፓቶሎጂስቶች ኮሌጅ ለብሎክም ለስላይድም ያወጣው መለኪያ ነው፤ የአገሪቱ የፌዴራል ደንብ ራሱ ግን ስላይድን ለ10 ዓመት፣ ብሎክን ለ2 ዓመት ብቻ ነው የሚያስገድደው። በእንግሊዝ የፓቶሎጂስቶች ሮያል ኮሌጅ መመሪያ ብሎክ ቢያንስ 30 ዓመት እንዲቆይ ይመክራል። እነዚህ ቁጥሮች የሚሠሩት በየአገራቸው ስለሆነ የእርስዎን አገር ቁጥር ይዞ ጎጃም ላይ መተማመን አይገባም፤ ናሙናውን የያዘው ላብራቶሪ የራሱን አሠራር እንዲነግርዎት በቀጥታ ይጠይቁ፤ የግል ላብራቶሪ ከሆነ ደግሞ ቢዘጋ ወይም ቢዛወር ብሎኮቹን ማን እንደሚረከብ ይጠይቁ።

ከሁሉ አጭሩ ጊዜ ያለው ግን ፎርማሊን ውስጥ የቀረው ትርፍ ሥጋ ነው። ከትልቅ ናሙና ሁሉም ሥጋ ብሎክ አይሆንም፤ ፓቶሎጂስቱ መርጦ ይወስድና ቀሪውን በዕቃው ያቆየዋል። በአሜሪካው መለኪያ ይህ የሚቆየው ውጤቱ ከወጣ በኋላ ሁለት ሳምንት ብቻ ነው፤ በቦታ ጥበት የሚሠራ ላብራቶሪም ከዚህ በላይ ያቆያል ብለው አይጠብቁ። ውጤቱ ላይ ስንት ንፍፊት (የሊምፍ ዕጢ) እንደ ታየ ወይም የተቆረጠበት ጠርዝ ከካንሰር ነጻ መሆኑ ካልተጻፈ፣ ያንን ማስተካከል የሚቻለው ይህ ትርፍ ሥጋ ሳይጣል ነው። ስለዚህ ውጤቱ እንደ ደረሰዎ ለሐኪም ያሳዩ፤ ሳምንታት አያሳድሩት።

ቁጥሩ፣ ስሙና ዘመኑ

ብሎክ የሚፈለገው በስም ሳይሆን በላብራቶሪው የባዮፕሲ ቁጥር ነው። ይህ ቁጥር ከሆስፒታሉ የካርድ ቁጥር የተለየ ነው፤ ሁለቱንም ይያዙ። በፎቶ ብቻ አያስቀምጡት፤ በወረቀት ተጽፎ ሁለት ቤተሰብ ዘንድ ይቀመጥ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል ኢንተርኔት ሲቋረጥና መንገድ ሲዘጋ የታየው፣ ስልክ ውስጥ ያለ መረጃ በሚያስፈልግበት ሰዓት እንደማይደርስ ነው፤ በተራ ስልክ ጥሪ ግን ቁጥርን አንብቦ ማስጻፍ ይቻላል።

በስም ረገድ፣ አንድ ስም በላቲን ፊደል በየመዝገቡ በተለያየ አጻጻፍ ይገባል፤ ስለዚህ በማመልከቻው ላይ ስምን በአማርኛ እስከ አያት ጽፈው፣ በውጤቱ ላይ ያለውን የላቲን አጻጻፍ ስሕተት ቢመስልዎም እንዳለ ይገልብጡት። ዘመኑም እንዲሁ ነው፤ ላብራቶሪው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጽፎ ከሆነና እርስዎ በፈረንጅ ከጠየቁ፣ ፈላጊው የሚከፍተው የሌላ ዓመት መዝገብ ነው። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ድረስ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ስለሆነ ሁለቱንም ቀን ጎን ለጎን ይጻፉ።

ማን ይፈርማል?

ብዙ ልጆች ጉዳዩ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያስቡት ከኤምባሲ ውክልና ልኮ ማስፈጸምን ነው። ለቤት ወይም ለመሬት ጉዳይ ይህ ትክክል ነው፤ ውክልናው ሌላ ሰው በእርስዎ መብት ላይ በስምዎ እንዲሠራ ያስችላልና። ናሙናው ግን የእናትዎ እንጂ የእርስዎ አይደለም፤ በሕይወትና በአእምሮ ጤንነት እስካሉ ድረስ መጠየቅም መፍቀድም የሚችሉት እርሳቸው ናቸው። ስለዚህ ሰነዱ የሚመነጨው ከአገር ቤት ነው፦ እርሳቸው በፊርማ ወይም በጣት አሻራ ያመለክታሉ፣ ቅርብ ያለውን ልጅ ወይም ዘመድ ተረካቢ አድርገው ይሰይማሉ፤ ላብራቶሪው የተረጋገጠ ውክልና ከጠየቀ ደግሞ እርሳቸው በአቅራቢያቸው ካለው የሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ያሠሩታል።

ይህን ስል አንድ ከባድ ነገር አብሮ ይነሣል። በቤታችን የካንሰርን ስም ከወላጅ መደበቅ እንደ ፍቅር ይቆጠራል፤ «እንዳትነግሯት» የሚለው ቃል ከውጭ በስልክ የሚመጣበትም ጊዜ አለ። እናትን ያልነገሩትን ነገር እንዲፈርሙ ማድረግ ግን ትክክል አይመስለኝም፤ ብዙ እናቶችም ልጆቻቸው ከሚገምቱት በላይ አስቀድመው ያውቁታል። ቢያንስ «እማዬ፣ ከአንቺ የተወሰደውን ሥጋ ሌላ ሐኪም እንዲያየው ፈልገናል፤ ፈቃድሽ ነው ወይ?» ተብለው መጠየቅ አለባቸው።

ማመልከቻው አጭር ይሁን፤ ለምሳሌ እንዲህ፦ «እኔ አመልካች በሆስፒታላችሁ በካርድ ቁጥር እገሌ ስታከም ቆይቼ፣ በዚህ ቀን የተወሰደልኝ ናሙና በባዮፕሲ ቁጥር እገሌ ተመርምሮ ውጤት የተሰጠኝ ስለሆነ፣ ለተጨማሪ ምርመራ ዕጢው በይበልጥ የሚገኝበት ብሎክ፣ የታዩት ስላይዶችና በማኅተም የተረጋገጠ የውጤቱ ቅጂ ለልጄ እገሌ በርክክብ እንዲሰጥልኝ፣ ቀሪዎቹ ብሎኮችም እንዲቆዩልኝ በአክብሮት አመለክታለሁ።» ይህ ሲደርስ ላብራቶሪው ከፊሉን ብቻ ሊፈቅድ ይችላል፤ ብሎክ ለመስጠት ካመነታ አዲስ የተቆረጡና ቀለም ያልነካቸው ስላይዶች ይጠይቁ፤ ብዛታቸውን የሚቀበለው ሐኪም ይንገርዎት። ቀለም ያልነካቸው ስላይዶች ግን በጊዜ ብዛት ለኢሚዩኖሂስቶኬሚስትሪ ጥራታቸው ስለሚቀንስ፣ የሚቀበላቸው ቦታ ሳይታወቅ አስቆርጦ ማስቀመጥ ናሙናን ማባከን ነው። በተለይ በመርፌ የተወሰደ ቀጭን ናሙና በተቆረጠ ቁጥር ያልቃል። ለአገልግሎቱ ክፍያ ካለ ደረሰኝ ይያዙ፤ በርክክቡ ሰነድ ላይም የእያንዳንዱ ብሎክና ስላይድ ቁጥር ይመዝገብ።

አንዳንድ ጊዜ ግን ብሎክ ጭራሹን የለም። ምርመራው በቀጭን መርፌ ፈሳሽና ሕዋስ ተስቦ በመስታወት ላይ የተቀባ ብቻ ከሆነ ያለው ስላይድ ነው፤ ወረቀቱ ላይ «ኤፍ ኤን ኤ» (FNA) የሚል ካዩ ብሎክ ከመጠየቅዎ በፊት ይህን ያጣሩ።

ብሎክ ለረጅም ዓመታት በተራ ክፍል ሙቀት ይቆያል፤ ማቀዝቀዣ አያስፈልገውም። ጠላቱ ሙቀት፣ እርጥበትና አይጥ ነው። ሰሙ የሚቀልጠው ከ50 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ቢሆንም ከዚያ በታችም ይለሰልሳል፤ ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ደጀንን አልፎ የዓባይን በረሃ ሲወርድ ብሎኩን በመኪናው መስታወት ሥር ፀሐይ ላይ እንዳያስቀምጥ ይንገሩት። ቤት ውስጥ ከምድጃና ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ርቆ በሚከደን ዕቃ ይቀመጥ። ስላይድ ደግሞ ለእርሱ በተሠራ የፕላስቲክ መያዣ ካልሆነ ይሰበራል።

ወደ ውጭ ሲላክ በእጅ ሻንጣ ቢሆን ይመረጣል። ፎርማሊን ውስጥ ያለ ሥጋ ግን በመንገደኛ እጅ አይላክ፤ ላብራቶሪው ብሎክ ካደረገው በኋላ ይጓዝ። አሜሪካ ለመግባት በፎርማሊን የታከመና በሰም የተሞላ፣ በሽታ የማያስተላልፍ ናሙና የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል (ሲዲሲ) የማስገቢያ ፈቃድ አያስፈልገውም፤ ነገር ግን ናሙናው ምን እንደ ሆነና እንዴት በሽታ እንዳያስተላልፍ እንደ ተደረገ የሚገልጽ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ደብዳቤ አብሮት መሆን አለበት። ደብዳቤው በሆስፒታሉ ማኅተም ይውጣ፤ ከኢትዮጵያ ለማስወጣት የሚያስፈልገውንም ሰነድ ተሸካሚው ትኬት ከመቁረጡ በፊት ሆስፒታሉን ያስጠይቁ። የሚቀበለው ሆስፒታል ስም፣ የሐኪሙ ስምና የተቀባዩ ክፍል አስቀድሞ ይታወቅ፤ አድራሻ ያልተቆረጠለት ብሎክ በዘመድ ቤት መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

ወላጅዎ ካረፉ በኋላም ብሎኩ ጥቅም አለው፤ በቤተሰቡ የጡት፣ የእንቁልጢ ወይም የአንጀት ካንሰር ተደጋግሞ ከሆነ፣ በዘር የሚተላለፍ መሆኑን የሚያጣራ ሐኪም ሊጠይቀው ይችላል፤ በእርግጥ ዲ ኤን ኤው ፎርማሊን ውስጥ ስለሚቆራረጥ በሕይወት ካለ የቤተሰብ አባል የሚወሰድ ደም ይቀድማል። በዚህ ጊዜ ላብራቶሪው ከፍርድ ቤት የተሰጠ የወራሽነት ማስረጃ ሊጠይቅ ስለሚችል፣ ለንብረት ጉዳይ ሲወጣ ተጨማሪ የተረጋገጠ ቅጂ ያስወጡ።

ምርመራው ሲያልቅ ብሎኩ ወደ ወጣበት ላብራቶሪ እንዲመለስ አስቀድመው ከተቀባዩ ሆስፒታል ጋር ይስማሙ፤ ሲመለስም ያው ተረካቢ በመጀመሪያው የርክክብ ሰነድ ላይ መመለሱን አስፈርሞ ቅጂውን ከአዲሱ ውጤት ጋር በእናትዎ ካርድ ውስጥ ያስገባ።